ስማቸው በመጽሐፉ ፊት ያልተጻፈ መምህርት
አስቴር ጋኖና የወለጋ ትምህርት አጀማመር

የትምህርት ቤት በዓል በሚከበርበት ጊዜ ስለ ሕንፃው፥ ስለ መሥራቾቹና ስለ ዳይሬክተሮቹ መናገር የተለመደና የተገባም ነው። ነገር ግን ትምህርት ቤት ከሕንፃው በፊት መምህር ያስፈልገዋል፤ መምህሩም በእጁ የሚይዘው መጽሐፍ ያስፈልገዋል። ስለዚህ በዚህ መጽሔት ላይ ለመጻፍ የመረጥሁት ሹመት ሳይሰጣቸው፥ ቢሮ ሳይኖራቸውና ማዕርግም ሳይጨመርላቸው የወለጋን ዘመናዊ ትምህርት መሠረት ከጣሉት ሰዎች መካከል አንዷ ስለ ሆኑት ስለ አስቴር ጋኖ ነው።

በነቀምቴ፥ በጊምቢ፥ በነጆ፥ በቦጂ ወይም በደምቢ ዶሎ ስለ ትምህርት አጀማመር ሲነገር በመጀመሪያ የሚነሣው የኦኔሲሞስ ነሲብ ስም ነው። ይህም እውነት ስለ ሆነ ማንም አይቃወመውም። የአስቴር ስም ግን ከተነሣም በአንድ መስመር ላይ «ረዳታቸው ነበሩ» ተብሎ ይታለፋል። ረዳት ማለት መልካም ቃል ነው፤ ሆኖም አንዳንድ ጊዜ ትልቅ ሥራን በትንሽ ስም ይሸፍናል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የአንዱን ክብር ቀንሶ ለሌላው ለመጨመር ሳይሆን ሥራው በእርግጥ ምን እንደ ነበረና ማን እንደ ሠራው ለይቶ ማሳየት ነው። አንባቢ እንዳይሳሳት፥ ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አስቴር ጋኖ የተወለዱት በ1872 ገደማ ሲሆን ሲወለዱ ነጻ ሰው ነበሩ። በዚያ ዘመን በጊቤ ወንዝ ዙሪያ ሊሙ እናርያ፥ ጅማ፥ ጎማ፥ ጉማና ጌራ የሚባሉ የኦሮሞ መንግሥታት ነበሩ። ቡና፥ የዝሆን ጥርስ፥ ዝባድና ወርቅ ከዚያ ወደ ሰሜን ይወጣ ነበር። ከዕቃው ጋር ግን ሰውም ይሸጥ ነበር። የነጋዴዎች ጓዝ በጉድሩ በኩል ዐልፎ ዐባይን ተሻግሮ በጎጃም ገበያዎች ያርፋል፤ ከዚያም ወደ ቀይ ባሕር ወደቦች ይወርዳል። የሚበዙት ተሻጮች ሕፃናትና ልጃገረዶች ነበሩ። አስቴርም ልጅ ሳሉ በሊሙ እናርያ ንጉሥ እጅ ወድቀው ባሪያ ሆኑ፤ ከዚያም ለሽያጭ ተላልፈው ወደ ባሕሩ ዳር ወረዱ።

በ1885 የኢጣልያ መንግሥት ምጽዋን ይዞ ነበር። በሚከተለው ዓመት፥ በ1886፥ የኢጣልያ መርከቦች በቀይ ባሕር ላይ ወደ ዐረብ አገር ባሪያ ጭና የምትሄድ አንዲት ጀልባ ያዙ። አስቴር በዚያች ጀልባ ውስጥ ነበሩ። ያን ጊዜ ዕድሜያቸው ዐሥራ አራት ዓመት ያህል ነበር። ጀልባዋ ሳትያዝ ባሕሩን ተሻግራ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ስለ እሳቸው የምንጽፈው አንድም ቃል ባልኖረ ነበር። አብረዋቸው ወደ ባሕሩ ከወረዱትና ከተሻገሩት ሰዎች መካከል ስንቱ የአስቴርን ያህል አእምሮ እንደ ነበረው ማን ያውቃል? ይህን አሳብ አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ ባርነት የሰው ጉልበት ብቻ ሳይሆን ሊጻፍ ይችል የነበረውን መጽሐፍም ይዘርፋል።

ከባሕሩ የተመለሱት አስቴር በምጽዋ አጠገብ እምኩሉ በሚባለው ስፍራ ወዳለው ትምህርት ቤት ገቡ። ይህ ትምህርት ቤት የስዊድን ወንጌላዊት ሚሲዮን ነበረ። ሚሲዮኑ በ1866 ምጽዋ የደረሰው ወደ ኦሮሞ አገር ለመዝለቅ አስቦ ነው፤ መንገዱ ስለ ተዘጋበት ግን በባሕሩ ዳር ቆይቶ ነጻ የወጡ ልጆችን ያስተምር ጀመር። በእምኩሉም ማተሚያ ነበረው።

ኦኔሲሞስ ነሲብም በዚያ ይሠሩ ነበር። እሳቸውም እንደ አስቴር ከባርነት የወጡ ናቸው። በ1856 ገደማ በኢሉባቦር በሁሩሙ አካባቢ ተወለዱ፤ የመጀመሪያ ስማቸው ሂካ ነበር። ልጅ ሳሉ በባሪያ ፈንጋዮች ተሰርቀው ከእጅ ወደ እጅ ከተሸጡ በኋላ በ1870 ምጽዋ ላይ ቬርነር ሙንሲንገር የተባሉት የስዊስ ተወላጅ ነጻ አወጧቸው። በእምኩሉ ከተማሩም በኋላ በስዊድን አገር አምስት ዓመት ያህል ተምረው በ1881 ተመለሱ። ወደ ትውልድ አገራቸው ለመግባት በሱዳን በኩል ሞከሩ፤ እስከ ፋማካ ደርሰው ሳይሆንላቸው ቀረ። ሌላው ሙከራ ደግሞ እስከ እንጦጦ ደርሶ ተመለሰ። በሩ ሲዘጋባቸው ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም፤ «እኛ ካልገባን መጽሐፉ ይግባ» እንደሚል ሰው ወደ ትርጉም ሥራ ተመለሱ።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ችግር ገጠማቸው። ኦኔሲሞስ ከአገራቸው የወጡት ልጅ ሳሉ ነው። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት የኖሩት ዐረብኛ፥ ትግርኛና ስዊድንኛ በሚነገርበት ቦታ ነው። የልጅ ቋንቋ ለእናትና ለጨዋታ ይበቃል፤ ስለ ሕግ፥ ስለ ፍርድ፥ ስለ እርሻ፥ ስለ ኀዘንና ስለ ምሳሌ የሚናገር ታላቅ መጽሐፍ ለመተርጐም ግን አይበቃም። የእምኩሉን ታሪክ ከሚሲዮኑ ጽሑፎች መርምረው በ1978 ያሳተሙት ስዊድናዊው የታሪክ ጸሐፊ ጉስታቭ አሬን እንደሚያስረዱት፥ ኦኔሲሞስ አስቴር ብሩህ አእምሮና ለኦሮምኛ ቋንቋ እውነተኛ ስሜት እንዳላቸው ብዙ ሳይቆዩ ተገነዘቡ። ስለዚህም የኦሮምኛ መዝገበ ቃላት እንዲያዘጋጁ ሥራው ለአስቴር ተሰጠ።

መዝገበ ቃላት ማዘጋጀት ምን ማለት እንደ ሆነ እኛ ተማሪዎች ጥቂት እናስብ። ዛሬ አንድ ቃል ሲጠፋን መጽሐፉን ገልጠን እናገኘዋለን። አስቴር ግን የሚገልጡት መጽሐፍ አልነበራቸውም። መጽሐፉ በሰዎች አፍና በገዛ ትዝታቸው ውስጥ ነበር። ከልዩ ልዩ አውራጃ የመጡ ኦሮሞዎች አንዱን ነገር በተለያየ ስም ሊጠሩት ይችላሉ፤ አንዱንም ቃል በተለያየ ትርጉም ሊይዙት ይችላሉ። ከእነዚህ መካከል ብዙ ሰው የሚረዳውን መርጦ መጻፍ ጆሮንም ፍርድንም ይጠይቃል።

ከዚህም ሌላ የፊደል ችግር ነበረ። በእምኩሉ ኦሮምኛ የተጻፈው በግእዝ ፊደል ነው። ይህ ፊደል አንድ ፊደል ሲጠብቅና ሲላላ ለይቶ አያሳይም። አማርኛ አንባቢ «አለ» የሚለውን ሲያይ «ተናገረ» ይሁን ወይም «ይገኛል» ከዐረፍተ ነገሩ ለይቶ ያነበዋል። በኦሮምኛም «በዳ» ተብሎ ሲጻፍ ደው ሲላላ «መጥፎ» ማለት ነው፤ ደው ሲጠብቅ ግን «ደጋ» ማለት ይሆናል። እንግዲህ ወለጋን የሚያህል ደጋ አገር በአንድ ፊደል መላላት «መጥፎ» ሆኖ ሊነበብ ይችላል ማለት ነው! በተጨማሪም በግእዝና በአማርኛ የሌለ፥ ዛሬ በግእዝ ፊደል «ዸ» ተብሎ የሚጻፍ ድምፅ በኦሮምኛ አለ። እንዲህ ያለውን ነገር ሁሉ አስተካክሎ አንባቢ የማይሳሳትበትን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ቋንቋውን ከሥሩ የሚያውቅ ሰው ያስፈልግ ነበር።

የአስቴር መዝገበ ቃላት መጀመሪያ ያገለገለው የአዲስ ኪዳንን ትርጉም ለማቃናት ነው። ይህም አዲስ ኪዳን በ1893 በእምኩሉ ታተመ። አስቴር ያን ጊዜ የሃያ አንድ ዓመት ያህል ወጣት ነበሩ። ከባሪያ ጀልባ ከወጡ ገና ሰባት ዓመታቸው ነበር። ከእኛ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች በዕድሜ ጥቂት ብቻ የሚበልጡ ወጣት አንድን ሕዝብ ወደ ንባብ የሚያደርሰውን ድልድይ ሲሠሩ ማየት እኛን ሊያኰራንም ሊያሳፍረንም ይገባል።

ነገር ግን በእኔ አስተያየት ለትምህርት ታሪክ ከዚህ ይልቅ የሚበልጠው የሚከተለው ሥራቸው ነው። አስቴር ከሚያስታውሱት ሁሉ አምስት መቶ ያህል የኦሮሞ እንቆቅልሽ፥ ተረት፥ ምሳሌያዊ አነጋገርና ዘፈን በጽሑፍ አሰፈሩ። ከእነዚህም ብዙዎቹ በ1894 ለጀማሪዎች በታተመው የንባብ መጽሐፍ ውስጥ ገቡ። ከዚህም ሌላ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮችን የያዘ መጽሐፍ ተርጕመዋል።

ይህ ለምን ትልቅ ነገር ሆነ? ብዙ የንባብ መጻሕፍት የሚጀምሩት ሕፃኑ በማያውቀው ነገር ነው። ልጁ ፊደሉን መማሩ አንድ ጭንቅ ነው፤ ፊደሉ የሚነግረው ነገር ባዕድ ሲሆን ደግሞ ሁለተኛ ጭንቅ ይሆንበታል። የ1894ቱ መጽሐፍ ግን ልጁ በምሽት እሳት ዙሪያ ከአያቱ የሰማውን «ሂቦ» ማለት እንቆቅልሹን፥ «መማክሳ» ማለት ምሳሌውን በገጹ ላይ እንዲያገኘው አደረገ። ልጁ የመስመሩን መጀመሪያ ሲያነብ መጨረሻውን ያውቀዋል፤ ስለዚህ ፊደሉ ለእርሱ ጠላት ሳይሆን የሚያውቀው ወዳጅ ይሆንለታል። ከታወቀው ወደ አልታወቀው መሄድ የሚለውን የማስተማር ዘዴ ዛሬ በመምህራን ማሠልጠኛ ይማሩታል። አስቴር በማሠልጠኛ አልተማሩትም፤ በሥራቸው ግን ፈጸሙት።

ሌላም ነገር አለ። ከቤቱ ተሰርቆ የተወሰደ ሰው ምንም ዕቃ ይዞ አይወጣም። አስቴር ከአገራቸው ይዘውት የወጡት ንብረት ቢኖር በአእምሮአቸው የተቀመጠው ይህ ቃል ብቻ ነበር። ያንኑ ነበር በባዕድ ባሕር ዳር ተቀምጠው ቈጥረው ለሕዝባቸው የመለሱት።

ከዚህ በኋላ አስቴርና ኦኔሲሞስ አብረው ሙሉውን መጽሐፍ ቅዱስ ወደ ኦሮምኛ ተርጕመው ፈጸሙ። በ1899 በስዊስ አገር በቅድስት ክሪስቾና ታተመ። በመጽሐፉ ፊተኛ ገጽ ላይ ተርጓሚ ተብሎ የተጻፈው የኦኔሲሞስ ስም ነው። የአስቴር ስም ግን በዚያ ገጽ ላይ የለም።

በዚህ ነገር ፍርድ ስንሰጥ ትክክለኛ እንሁን። ኦኔሲሞስ የሥራው አሳብ አመንጪ፥ ብዙ ቋንቋ የሚያውቁና ኀላፊነቱን የተሸከሙ ሰው ነበሩ። በዚያ ዘመን ከሴቶች እጅ የወጣ ሥራ በወንድ ስም መታተሙ በአውሮፓም ቢሆን እንግዳ ነገር አልነበረም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል፤ የእምኩሉም ሎሚ የብዙ ሰው ሎሚ ነበር። ነገር ግን ሸክሙን ሁለት ሰው ተሸክሞት ጌጡ ለአንድ ሰው ብቻ ከተሰጠ ታሪኩ ጐደለ ማለት ነው። ይህን የሚሉ የታሪክ ሰዎች ዛሬ አሉ፤ እኔም ከእነርሱ ጋር እስማማለሁ።

ነገሩን ለማመዛዘን ከምዕራብ አፍሪካ አንድ ታሪክ ልጥቀስ። በዛሬዋ ናይጄርያ የዮሩባ ተወላጅ የሆኑት ሳሙኤል አጃዪ ክራውዘር ልጅ ሳሉ ተማርከው በባሪያ መርከብ ላይ ተጫኑ። በ1822 የእንግሊዝ የባሕር ኀይል መርከቧን ይዞ በሴራሊዮን ወደምትገኘው ወደ ፍሪታውን ወሰዳቸው። በዚያ ተምረው የዮሩባን ቋንቋ መዝገበ ቃላት አዘጋጁ፤ መጽሐፍ ቅዱስንም ወደ ዮሩባ በመተርጐም ዋና ሆነው ሠሩ። በ1864ም ጳጳስ ሆኑ። የአስቴርና የክራውዘር ሕይወት እንዴት እንደሚመሳሰል ተመልከቱ። ሁለቱም ከባሪያ መርከብ የዳኑ ናቸው፤ ሁለቱም በሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማሩ፤ ሁለቱም የሕዝባቸውን ቃል ሰብስበው በመዝገብ አኖሩ። ክራውዘር በዓለም ሁሉ ታወቁ። አስቴርን ግን በገዛ አገራቸው ከተማ እንኳ ስንት ተማሪ ያውቃቸዋል? ልዩነቱ የሥራው ሳይሆን የስሙ አመዘጋገብ ነው።

አሁን ወደ ወለጋ እንመለስ። የነቀምቴው ሞረዳ በከሬ በ1882 ለንጉሥ ምኒልክ ገብተው አገራቸውን ሳያስወርሩ ቆዩ። ልጃቸው ኩምሳ ሞረዳም ክርስትና ተነሥተው ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ተባሉ። ከዚህ በፊት በ1898 ገብረ ኤዎስጣቴዎስ ዘሚካኤልና ባልደረቦቻቸው ወደ ቦጂ ገብተው ሥራ ጀምረው ነበር። በ1904 ደግሞ ኦኔሲሞስ፥ አስቴርና ሌሎች ኦሮሞ ባልደረቦቻቸው ከኤርትራ ተነሥተው ወደ ነቀምቴ መጡ። ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔርም በክብር ተቀበሏቸው። አስቴር ከአገራቸው በግዳጅ ከወጡ ዐሥራ ስምንት ዓመት ዐልፎ ነበር። ተሸጠው የወጡት ልጅ መጽሐፍ ይዘው መምህርት ሆነው ተመለሱ።

በነቀምቴ ትምህርት ቤት ተቋቋመ፤ አስቴርም በዚያ ያስተምሩ ጀመር። ይህ የሆነበትን ዘመን ልብ እንበል። በአዲስ አበባ የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1908 ነው። የእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤት የተከፈተው ደግሞ በ1931 ነው። እንግዲህ በዋና ከተማው የመንግሥት ዘመናዊ ትምህርት ቤት ከመከፈቱ በፊት በነቀምቴ አንዲት ኢትዮጵያዊት መምህርት ራሳቸው ባዘጋጁት ቃል ሕፃናትን ያስተምሩ ነበር። የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ሲከፈት አስቴር ወደ ስድሳ ዓመት ቀርበው ነበር።

ሥራው ግን ያለ ፈተና አልሄደም። የአካባቢው ካህናት በኦኔሲሞስ ላይ ክስ አቀረቡ። በ1906 በአቡነ ማቴዎስ ፊት ቀርበው ከአገር እንዲወጡ ተፈረደባቸው፤ ዐፄ ምኒልክ ግን ፍርዱን አሻሽለው ወደ ነቀምቴ እንዲመለሱ፥ ነገር ግን እንዳይሰብኩ አዘዙ። ይህ እገዳ የተነሣው በ1916 በልጅ ኢያሱ ዘመን ነው። በእነዚያ ዐሥር ዓመታት ስብከቱ ሲከለከል ማስተማሩ ግን አልቀረም ነበር። አደባባዩ ሲዘጋ የክፍሉ በር ክፍት ሆኖ ቆየ። በእንዲህ ያለ ጊዜ የሥራው ሸክም በማን ትከሻ ላይ እንደሚወድቅ ለማወቅ አስቸጋሪ አይደለም፤ በየቀኑ ከልጆች ጋር በሚቀመጡት በመምህራኑ ላይ ነው።

ከዚያ ወዲህ በወለጋ ከተሞች ትምህርት እየሰፋ ሄደ። በ1919 አሜሪካዊው ሐኪም ቶማስ ላምቢ ወደ ሳዮ፥ ማለት ወደ ደምቢ ዶሎ መጥተው የሐኪምነትና የማስተማር ሥራ ተጀመረ። በነቀምቴ፥ በነጆ፥ በቦጂና በዓይራም ሐኪም ቤቶችና ትምህርት ቤቶች ተከተሉ። ኦኔሲሞስ በሰኔ 1931 ዐረፉ። አስቴር ግን ከእሳቸው በኋላ ሠላሳ ሦስት ዓመት ያህል ኖረው በ1964 ዐረፉ። ወደ ዘጠና ሁለት ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ነው።

በዚያ ረጅም ዕድሜ ውስጥ ብዙ ነገር ዐለፈ። በ1936 ጠላት አዲስ አበባን ሲይዝ የሆለታ የጦር ትምህርት ቤት ተማሪዎችና ሌሎች አርበኞች የጥቁር አንበሳን ማኅበር መሥርተው በምዕራብ ተሰለፉ፤ በሰኔ ወርም በነቀምቴ አጠገብ በቦነያ ያረፉትን የኢጣልያ አውሮፕላኖች አቃጠሉ። በዚያው ጊዜ ከጥቁር አንበሳ ጋር በምዕራብ ከነበሩት መካከል አንዲት ወጣት መምህርት ይገኙ ነበር፤ እሳቸውም ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ናቸው። የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ የሆኑት ወይዘሮ ስንዱ በስዊስ አገር ተምረው የተመለሱ ነበሩ። በኋላም ተማርከው በኢጣልያ አገር በአዚናራ ደሴት ታሰሩ። ከነጻነት በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሆኑ። በ1955 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ለሴቶችም የመምረጥና የመመረጥ መብት ከሰጠ በኋላ፥ በ1957 ከአዲስ አበባ ተመርጠው በፓርላማ የገቡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ፤ የሕግ መምሪያ ምክር ቤትም ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነዋል።

ወይዘሮ ስንዱን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። እሳቸው ትምህርት ቤት አስተዳደሩ፥ በሕዝብ ተመረጡ፥ በምክር ቤት ወንበር ተቀመጡ፤ ስለዚህ «መሪ» ስንላቸው ማንም አይከራከረንም። በ1957 ግን አስቴር ጋኖም በሕይወት ነበሩ። ዕድሜያቸው ሰማንያ አምስት ያህል ነበር። ወይዘሮ ስንዱ ያገኙትን ሹመት ሊያገኙ ይቅርና እሳቸው በጕልምስናቸው ዘመን እንዲህ ያለ ሹመት ለሴት ስም እንኳ አልነበረውም። እንግዲህ አንድ ሰው «አስቴር ሹመት ስላልነበራቸው መሪ አይባሉም» ቢለኝ መልሴ ይህ ነው፦ መሪ ማለት ወንበር ያለው ሰው ብቻ ከሆነ ወንበሩ ከመሠራቱ በፊት መንገዱን የጠረጉትን ምን ብለን ልንጠራቸው ነው? መሪነት ሌሎች የሚሄዱበትን መንገድ መክፈት ነው። ማኅበር ሰብሳቢ፥ ዳይሬክተር፥ የዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት የሚሆኑት ሴቶች ሁሉ የተነሡት መጀመሪያ አንዲት ሴት በልጆች ፊት ቆማ ስታስተምር ከታየች በኋላ ነው።

የአስቴር መጻሕፍት ዕድልም እንደ ሕይወታቸው ውጣ ውረድ የበዛበት ሆነ። በ1944 ስለ ሚሲዮኖች የወጣው ድንጋጌ የማስተማሪያው ቋንቋ አማርኛ እንዲሆን ደነገገ። ከዚያ ወዲያ በኦሮምኛ የተዘጋጀው የንባብ መጽሐፍ በትምህርት ቤት ቦታ አጣ። አስቴር በእርጅናቸው ያዩት ይህን ነው፤ የደከሙበት መጽሐፍ ከልጆች እጅ ሲወጣ። ቋንቋው እንደ ገና በሰፊው ወደ ሰሌዳ የተመለሰው እሳቸው ካረፉ በኋላ ነው። በ1979 በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ኦሮምኛ በግእዝ ፊደል ከሚሰጡት ቋንቋዎች አንዱ ሆነ፤ ከ1991 ወዲህ ደግሞ ቁቤ በሚባለው በላቲን ፊደል በትምህርት ቤቶች ይሰጣል። ፊደሉ ተለወጠ፤ በ1894 የተጀመረው አሳብ፥ ማለትም ልጅ በሚያልምበት ቋንቋ ንባብ ይጀምር የሚለው፥ አልተለወጠም።

ዛሬ በነቀምቴ የወለጋ ዩኒቨርሲቲ አለ። በ2007 ተቋቁሞ በጊምቢና በሻምቡም ቅርንጫፎች አሉት። በየዓመቱ ከበሩ የሚወጡት ምሩቃን ብዙዎች ናቸው፤ ከእነርሱም ውስጥ መምህራትና አስተዳዳሪዎች የሚሆኑ ሴቶች አሉ። በዓይራ ያለው የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት በኦኔሲሞስ ነሲብ ስም ተጠርቷል፤ ይህም የሚገባ ክብር ነው። ነገር ግን በዚህ አገር ለንባብና ለመዝገበ ቃላት የመጀመሪያውን ድካም ለደከሙት ለአስቴር መታሰቢያ የሚሆነው ምንድን ነው? እኔ የድንጋይ ሐውልት አልጠይቅም። ስማቸው በትምህርት ታሪክ ውስጥ «ረዳት» በሚለው ቃል ስር ሳይሆን «አዘጋጅ፥ ተርጓሚና መምህርት» በሚለው ስር እንዲጻፍ ግን እጠይቃለሁ።

ከዚህ ታሪክ እኛ ተማሪዎች ሦስት ነገር ልንማር እንችላለን። አንደኛ፥ ዕውቀት ከድህነትና ከግፍ በታች ተቀብሮ ሊገኝ ይችላልና ማንንም ሰው በደረሰበት መከራ አንመዝነው። ከጀልባዋ የወጡትን የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ያየ ሰው የቋንቋ ሊቅ ያየ አይመስለውም ነበር። ሁለተኛ፥ ከአያቶቻችን የምንሰማው ተረትና እንቆቅልሽ ከትምህርት ውጪ የሆነ የጨዋታ ነገር አይደለም፤ የመጀመሪያው የንባብ መጽሐፍ ከእርሱ ተሠርቷል። ሦስተኛ፥ ሥራ በትክክል ካልተመዘገበ በመቶ ዓመት ውስጥ የሌላ ሰው ሥራ ይመስላል።

ይህን ሦስተኛውን ነገር በቃል ብቻ እንዳንተወው አንድ አሳብ አቀርባለሁ። በመጪው ክረምት ወደየቤታችን ስንሄድ፥ ወደ ነጆም ሆነ ወደ መንዲ፥ ወደ አርጆም ሆነ ወደ ጊምቢ፥ እያንዳንዳችን በሰፈራችን ፊደል ያስቈጠሩ አንዲት ሴት ፈልገን ታሪካቸውን እንጠይቅ። መቼ ጀመሩ? የት አስተማሩ? በምን መጽሐፍ? ማንን አስተማሩ? የሚነግሩንንም በደብተር ጽፈን ስማቸውንና ዓመቱን አስተካክለን ለትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት እናስረክብ። መምህሮቻችን እንዲያርሙልን፥ ወላጆቻችንም የሚያውቁትን እንዲነግሩን በትሕትና እንለምናለን። ሽማግሌ ሲሞት ቃሉ አብሮት ይሄዳልና ነገ ከማለት ዛሬ ይሻላል።

አስቴር ጋኖ ዕድሜያቸው ከእኛ ዕድሜ ሳይርቅ አምስት መቶ ያህል ቃለ ሕዝብ በወረቀት ላይ አኑረዋል። ከእኛ እያንዳንዳችን አንድ ስም ብቻ ብንጽፍ ምን ያህል ቀላል ነው! ሥራውን ጀምረን በሚመጣው በዓል መጽሔት ላይ ውጤቱን ለአንባብያን ለማቅረብ እግዚአብሔር ይርዳን።